ስድስቱ ስምንቶች

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ እውነት ነው። አንዲት ፍሬ ቃል የጨመረበት ሰው ካለ ምላሱ እንደ ጎማ ይተንፍስ። ከበዛበት ላይ ተቀንሶለት እንደሆነ እንጂ የተጨመረበት የለም፤ እውነቱ ሙሉውን ቢነገር ማንም ስለማያምን ነው ግማሹ የቀረው። ያላመነ ደግሞ የባለታሪኩን እህት ይጠይቅ። እህቱ እዚያው ነበረች፣ ሁሉንም በዓይኗ በብረቱ አይታለች፣ ዋሽታም አታውቅም።

ሰውየው የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው። ዕድሜው ሃምሳን ረግጧል፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር ይገባል፣ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር ሽቦ» ይለዋል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ይበሉ። ዘጠኝ ዓመት ሞቶ የኖረ ባትሪ ተቆጥቶት ብቻ የተነሣለት ሰው ነው። ሦስት መንገድ ርቆ የሚነፋ ጡሩምባ ሰምቶ «የዚህ ሰውዬ ፊውዝ ሊቃጠል ነው» ይላል፣ ሰውየው መዞሪያው ላይ ሳይደርስ ይቃጠላል። ባለፈው ወር ለእናቱ የገዛው ዓሣ ጥጃ ያህል ነበር፤ ለሦስት ቀን የሚበቃ። መንገድ ላይ አራት ዘራፊዎች ከእጁ ባይነጥቁት ኖሮ ቤተሰቡ እስካሁን እየበላው ይሆን ነበር።

የሱን ሥራ ከሌላው ለመለየት መነጽር አያስፈልግም። ሽቦ ሲቀጥል በቀይ ናስትሮ፣ በዚያ የሽቦ ፕላስተር፣ ሦስት ዙር ይጠቀልላል፣ ጫፉን ደግሞ እንደ ምላስ አጥፎ ይተወዋል፣ ሌላ ጊዜ ሲፈታው ጥፍሩ እንዳይለፋ። ሌላው ሰው ጥቁር ናስትሮ ነው የሚጠቀመው። «ይቺ ፊርማዬ ናት» ይላል። የጉጠቱ እጀታ በዚያ ቀይ ናስትሮ ተጠቅልሏል፣ የምሳ ዕቃው ክዳን በሱ ነው የሚታሰረው፣ የተሰበረው መነጽሩም አፍንጫው ላይ የቆመው በሱ ነው።

ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ታዲያ አንድ ነገር ሆዱን ይበላው ነበር።

አባታቸው ሲሞት አንዲት ነጭ መኪና ትቶላቸዋል። እናታቸው ጉልበቷን ከታከመች ወዲህ በየሐሙሱ ወደ ፊዚዮቴራፒ ትመላለሳለች፣ የምትመላለሰውም በዚያች መኪና ነው። ቁልፉ ያለው ግን ታናሽ ወንድሙ ዘንድ ነው። ታናሹ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር ራሱ ሰው የሚያነብ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር ቢኖር አራት ጎማ እንዳላት ነው፣ አምስተኛው ጎማ ኋላ መተኛቱን እንኳ ማወቁ ያጠራጥራል። እናታቸውን ለምን ቁልፉን ለሱ እንደሰጠች ሲጠይቋት፣ «እሱ ቀስ ብሎ ይነዳላ» ትላለች፣ አለቀ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና አንጀት ሲጠግን የኖረ የበኩር ልጅ፣ እናቱን አንድ ቀን እንኳ ወደ ሕክምናዋ ይዟት ሄዶ አያውቅም። አልጠየቀችውማ። ከዚህ በላይ ምን ያንገበግባል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው መኪናዋ መሽተት የጀመረችው።

መጀመሪያ እርጥብ ካልሲ ሸተተች፣ በሳምንቱ የተዘጋ ጓዳ፣ በሦስተኛው ሳምንት ስም የሌለው ነገር። ያለፈው ሐሙስ እናታቸው አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ መልሳ አወጣችው።

«ጉልበቴ ይቅርብኝ» አለች። «ይሄ መኪና የሞተ ነገር ይሸታል።»

ሕክምናዋ ቀረ። ዶክተር ሽቦ ይህን በስልክ ሲሰማ ጥርሱን ነከሰ፣ ተጸየፈ፣ ዓለም ሁሉ ቀፈፈችው። ደስ ብሎት ነበር የሚል ካለ ሐሜት ነው። ትንሽ ብቻ ነው ደስ ያለው።

አሁን ስለ ምስጢሩ። የመኪና ዳሽቦርድ ለባለቤቱ የሚናገረውና ለባለሙያ የሚናገረው ለየብቻ ነው። ባለቤቱ ፍጥነቱን፣ ነዳጁንና የሄደውን ኪሎሜትር ያያል፣ ይበቃዋል። ከመስታወቱ ኋላ ግን የተደበቀ የምርመራ ክፍል አለ። ጉዞ ሲጀመር ኪሎሜትሩን ዜሮ የምታደርገዋን ትንሽ ዘንግ የመሰለች በተን ተጭኖ ይዞ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ማዞር፣ እስከ ስምንት መቁጠር፣ መልቀቅ። ያን ጊዜ ዳሽቦርዱ ይናዘዛል። ይህንን ዶክተር ሽቦ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ያውቀዋል። ስልኩ ላይ የአሥራ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ያየው እውቀቱን ለማረጋገጥ ያህል ብቻ ነው፤ አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ መርፌዎቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ፣ የቀረው ለጀማሪዎች ነው ብሎ ዘጋው። ለቤተሰቡም ላከላቸው፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ እንዲያውቁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እናቱ ግቢ ደረሰ። ወሬው ቀድሞት ስለነበር ግቢው ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ነበር፣ ቢያንስ። አጥር ላይ ሳይቀር ተንጠልጥለው ነበር። እናቱ በረንዳው ላይ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። እህቱ የታጠበ አንሶላ ታሰጣለች። እህቱ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፣ በቀን አርባ ብልቃጥ የሰው ጉድ እያገላበጠች ምሳዋን በሰላም የምትበላ፤ እሷን የሚያስጸይፍ ነገር ገና አልተፈጠረም። ታናሹ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ባልዲና ብሩሽ ይዞ መኪናዋ ውስጥ አጎንብሷል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለው ዶክተር ሽቦ።

«እያጠብኩ ነዋ ጋሼ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ጠፋኝ።»

«እኔ አልጠፋኝም። ሽታ ከሰው ነው የሚመጣው። ውጣ።»

ታናሹ ወጣ። ዶክተር ሽቦ የሾፌሩን በር በሰፊው ሲከፍተው ሽታው ወጥቶ ደረቱን ገፋው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዛፉ ላይ አንዲት ወፍ ወደቀች፤ እዚያው ሞተች የሚሉ አሉ፣ ራሷን ስታ ነው የሚሉም አሉ። ከላይ ሳሙና ነው፣ ከሳሙናው ሥር የሎሚ ሽቶ፣ ከሽቶው ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ምላስ ላይ ወጥቶ ተመቻችቶ የሚቀመጥ። እንዲህ ያለውን ሽታ ሰው በአፍንጫው አይቀበለውም፣ ይውጠዋል። ዶክተር ሽቦ ዋጠው። ሆዱ ውስጥ ሲደርስ ተሰማው።

«ሳሙና ለምን አበዛህ?» አለ በመሐረቡ ውስጥ።

«እንዲጠፋ ብዬ ነዋ።»

«ምን እንዲጠፋ?»

«ሽታው።»

«አዎ፣ ሽታው» አለ ዶክተር ሽቦ፣ ፍርድ ቤት የቆመ ይመስል ወደ እናቱ ዞሮ። «ሰምተሻል እማዬ። እንዲጠፋ ብሎ ነው።»

ትንፋሹን ይዞ ገባ። ወንበሩ እርጥብ ነው፣ እርጥበቱ በሱሪው አልፎ ቆዳው ድረስ መጣ። መሪው ላይ እጁ ተንሸራተተ። በተኗ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ አሙለጨለጨችው። ምን እንደነካ ማሰብ አልፈለገም። አሰበ። ምራቅ። ንፍጥ። ታናሹ ልጅ እያለ አፍንጫውን በመጋረጃ ይጠርግ ነበር፣ ያ ልማድ የት ይሄዳል። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ከዚያ ሱሪውን ተጸየፈው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ወርዶ እጁን በአሲድ ይታጠብ ነበር። እሱ ግን በተኗን ተጭኖ ያዘ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ። ስምንት ላይ ለቀቃት።

ሁለት መቶው ሰው አንገቱን አሰገገ።

መጀመሪያ መብራቶቹ በሙሉ በሩ፣ ቀዩም ቢጫውም አረንጓዴውም። ከዚያ መርፌዎቹ ተነሡ። የፍጥነቱ መርፌ እያፏጨ ሄዶ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ሲላተም መስታወቱ ጮኸ። የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ሄዶ ተጋደመ። ኪሎሜትሩ በሚነበብበት መስኮት ላይ ደግሞ፣ የተለመደው ቁጥር ጠፍቶ፣ ስድስት ስምንቶች ተሰልፈው ወጡ።

ዶክተር ሽቦ ዓይኑን ጨፈነ። መልሶ ሲገልጠው አሁንም ስምንቶች ናቸው።

«አባታችን የሞተ ዕለት ይሄ መኪና ስንት ሄዶ ነበር?» አለ።

«መቶ አርባ ሺህ ገደማ» አለች እህቱ፣ አንሶላውን እያራገፈች።

«ከፊት ለፊት አሁን ስንት ይላል? መቶ አርባ ሦስት። ከውስጥስ? ከውስጥ እኮ ሌላ ነው። ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት።»

«ጉድ ነው» አለች እናቱ።

«ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ ኪሎሜትር ተደብቋል እማዬ። ይሄ ልጅሽ መሬትን አሥራ ስምንት ጊዜ ዞሮ ነው እቤቱ የሚያድረው።»

«ታዲያ መጽሐፉን መቼ ነው የሚያውሰው?»

«እሱ ነው ጥያቄው። አያውስም። ሰው ይጭናል። ያባታችንን መኪና በድብቅ ታክሲ አድርጓታል። ቆጣሪውን ወደ ኋላ መልሶ አንቺን መቶ አርባ ሦስት እያሳየሽ ይኖራል። ደግሞ ፍጥነቱን እዪው፣ ሁለት መቶ ሃያ። ከጎኑ ማን ነበር? አንቺ ነበርሽ፣ ከነጉልበትሽ።»

እናቱ አሰበችበት። «እኔ እንኳ ብስክሌት ሲቀድመን ነው የማየው» አለች።

«ደንግጠሽ ነው። የደነገጠ ሰው ሁሉም ነገር ቀስ ያለ ይመስለዋል። ሞተሩ ሳይቀር ፈልቷል፣ ቀዩን እዪው። እኔ ባልኖር አንድ ቀን አብረሽ ትፈነጂ ነበር።»

ያኔ ሁሉም ወደ ታናሹ ዞሩ። ታናሹ ብሩሹን እንደያዘ ስምንቶቹን በመስኮት አጎንብሶ አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ እጁን አፉ ላይ ጭኗል፣ ሲቃው ግን በጣቶቹ መካከል ያመልጠዋል። ዶክተር ሽቦ ለአፍታ አዘነለት፤ ወንድም ወንድም ነው። ወዲያው ግን ያ ጣፋጭ ሽታ መልሶ ጉሮሮው ውስጥ ገባና ርኅራኄውን አባረረለት። ያባቱ እጅ ያረፈበት መሪ። እናቱ የተቀመጠችበት ወንበር። የማን ቂጥ እንደተቀመጠበት፣ ማን እንዳስመለሰበት፣ ማን ጥርሱን ጎርጉሮ በጎኑ እንዳበሰበት ማን ያውቃል። እንባ ይሄን አያጥብም።

«ሽታውስ ልጄ?» አለች እናቱ። «ዳሽቦርዱ ስለ ሽታው ምን አለ?»

ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይሄ ጥያቄ አፉን ያስይዘው ነበር። ዶክተር ሽቦ ወረደ፣ መኪናዋን በኋላ ዞረ፣ ሻንጣ መጫኛውን ከፈተ። ወንበር ሥር አላየ፣ ኪስ አልበረበረ። ቀጥ ብሎ ምንጣፉን ገለጠ፣ ትርፍ ጎማውን አነሣ፣ እጁን ከጎማው ሥር ወዳለው ጎድጓዳ ሰደደ። እጁ መንገዱን የሚያውቅ ይመስል ነበር፤ የባለሙያ እጅ እንዲህ ነው።

ሲያወጣው ጥቁር ፌስታል ነው። አፉ በቀይ ነገር ተጠርቅሟል፣ ሆዱ ግን እንደ ታማሚ ተነፍቷል። ከሥሩ ቡናማ ጭማቂ እየወረደ በክንዱ ላይ እስከ ክርኑ ሄደ። ሞቅ ይል ነበር። ዶክተር ሽቦ በሕይወቱ የባትሪ አሲድ ጠጥቶ ያልሳለ ሰው ነው፣ ያ ጭማቂ ክርኑ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ልጅ ጮኸ። ፌስታሉ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቆ ነጫጭ ነገሮች ይተራመሱበታል፤ ሩዝ ያህላሉ የሚል አላየም፣ ጣት ነው የሚያህሉት፣ አንዱ ቀና ብሎ አይቶታል። ዝንቦቹ ደግሞ እንደ ድንቢጥ ናቸው፣ ክንፋቸው ይሰማል። በተዘረጋ እጁ ይዞት ሮጠ፣ የቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ ጣለው፣ ክዳኑን ደፋበት፣ ክዳኑ ላይ ተደግፎ አስመለሰ።

«የጫናቸው ሰዎች የተዉት ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ነፍስ የነበረው ነገር ነው።»

እናቱ በርሜሉን አየች። እሱን አየችው። ከዚያ እህቱን አየቻት፣ እህቱም እሷን አየቻት፣ ረጅም ጊዜ። እናትነት ከባድ ነው፤ የአንዱን ልጅ ውርደት በሌላው ልጅ እጅ ማየት። ታናሹ አሁንም ፊቱ ከግድግዳው አልተመለሰም።

«በል» አለች በመጨረሻ፣ «ቁልፉ አንተ ጋ ይሁን።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን መናገር ጉራ ይመስላል። ሰዉ አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ሳይቀሩ አለቀሱ። በትከሻ ሊሸከሙት ሞከሩ፣ ክብደቱን አይተው ተዉት። እሱም ያባቱን መኪና አስነሥቶ፣ አራቱንም መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን እስከ ትከሻው ድረስ ውጪ አውጥቶ እየተነፈሰ ሄደ። ልቡ ቅቤ ጠጣች። ሐሙስ እናቱን የሚወስዳት እሱ ነው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ይህን ታሪክ ጋራዥ ውስጥ ለዘጠነኛ ጊዜ ሲናገር ሁለት መቶው ሰው አራት መቶ ደርሶ ነበር። አድማጮቹ ጎሚስታውና በያጁ ናቸው። ጎሚስታው ጎማ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፤ ይበላል ማለት ይከብዳል፣ ጉርሻውን ይዞ ያመነታል፤ ምክንያቱም ነጯ መኪና ጥግ ላይ አራት በሯን ከፍታ ቆማለች፣ ንፋሱም ከሷ ወደ እሱ ነው።

«እኔ የምለው ዶክተር» አለ ጎሚስታው። «ያ ፌስታል ከወጣ ይሄ ነገር ለምን አሁንም ይሸታል?»

«አልታጠበማ።»

«ለምን አታጥበውም?»

«ማስረጃ አይታጠብም።»

በያጁ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አወረደ። «ለዛሬ ከዚህ ውስጥ አልወጣም» አለ ከውስጥ።

«ሳቅ አንተ። በዚህ አፍንጫ እኔ ብቻዬን ነው የተጋፈጥኩት» አለ ዶክተር ሽቦ። «ሰው ወንድሜን ሲያይ ጸጥ ያለ ስለሆነ ጻድቅ ይመስለዋል። ጸጥ ያለው እያሰላ ነው።»

ጎሚስታው ምሳ ዕቃውን ዘጋ። «ልጄ መጽሐፍ የምትዋሰው ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር። ትናንት ለሰፈሩ ሰዎች ስነግራቸው እነሱም ደነገጡ። ከእንግዲህ እዚያ አልሰዳትም።»

«አትስደዳት» አለ ዶክተር ሽቦ። «ካላመንክ እህቴን ጠይቃት። እዚያው ነበረች።»

«እንግዲያው በጊዜ መጣች» አለ ጎሚስታው።

እህቱ በሩ ላይ ቆማለች። ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አድርጋለች፣ ለምሳ ሰዓት እንደወጣች ያስታውቃል። ምን ያህል እንደሰማች አይታወቅም። ወደ ነጯ መኪና ሄደች፣ አጎንብሳ ውስጧን አየች፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ። ከዚያ መጣችና የሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«ሳታጥበው ቀረህ ጋሼ» አለች።

«ንገሪያቸው እስቲ» አለ ዶክተር ሽቦ። «እኔ ስናገር ያበዛሁ ይመስላቸዋል። ስምንቶቹን ንገሪያቸው።»

ድምፅዋን አላነሣችም። እንዲያውም በያጁ ለመስማት ጭምብሉን ገለጠ።

«እኛ ላብራቶሪ ጠዋት ማሽኑ ሲነሣ መስኮቱ ላይ ሁሉም ቁጥር ስምንት ይሆናል» አለች። «ስምንት የቁጥሩን መስመሮች በሙሉ ያበራል። የሞተ መስመር ካለ በዚያ ነው የምንለየው። እስካሁን ማንም ተነሥቶ ይሄ በሽተኛ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት ስኳር አለው አላለም።»

ጎሚስታው ዶክተር ሽቦን አየው።

«መርፌዎቹም እንደዚያው ናቸው። እስከ ዳር ይሄዳሉ ወይ ተብለው ነው የሚሞከሩት። መኪናው እዚያ ደርሷል ማለት አይደለም። የላክልንን ቪዲዮ እስከ መጨረሻ አየሁት። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ይናገራል።»

«አራት መቶው ሰውስ?» አለ በያጁ።

«አራት ነበርን። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው የመኪናው ምንጣፍ ነው። ወፍ አልወደቀችም። በተኗ ላይ የነበረው ሳሙና ነው።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ታናሽህም እያለቀሰ አልነበረም ጋሼ። እንዳታፍር ብሎ ነው ፊቱን ያዞረው። እቤት ከገባን በኋላ ሁላችንም ሳቅን፣ እማዬም ጭምር። ሰው ፊት ባታወራው ኖሮ እኔም አልነግርህም ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ አባት ልጁን ይዞ ቤተ መጻሕፍቱ መጥቶ መጽሐፎቿን መለሰና፣ ያባትህን መኪና ታክሲ ያደረግህ አንተ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ልጅቷ ፊት።»

«ፌስታሉስ» አለ ዶክተር ሽቦ። «ፌስታሉን በዓይንሽ አይተሻል።»

«አይቻለሁ። ዓሣዋን የገዛህ ቀን ስልክ ደውለህ ይዤ እየመጣሁ ነው ብለህ ነበር። መኪናውን ባትሪ ላምጣበት ብለህ ተውሰህ ነበር። እማዬ ዘይት አስጥዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀችህ። ከዚያ ባዶ እጅህን መጥተህ ዘራፊዎች ነጠቁኝ አልክ።»

ከቦርሳዋ የናሙና ማስቀመጫ ላስቲክ አወጣች፣ ያችን በሆስፒታል የምትታየውን ግልጽ፣ አፏ ተጭኖ የሚዘጋውን። ጠረጴዛው ላይ ከጉጠቱ እጀታ አጠገብ አኖረቻት። ውስጧ ሦስት ዙር የተጠቀለለ ቀይ ናስትሮ አለ፣ ቅርጹን እንደያዘ፣ ጫፉ እንደ ምላስ ታጥፎ።

«ከፌስታሉ አፍ ላይ ጓንት አድርጌ ነው ያነሣሁት» አለች።

ጎሚስታው ላስቲኳን አየ፣ ጉጠቱን አየ፣ ቀና ብሎ መነጽሩን አየ። በያጁ ጭምብሉን መልሶ አወረደ።

«እማዬ ያለችህ ቁልፉ አንተ ጋ ይሁንና አጥበህ ረቡዕ መልሰው ነው» አለች እህቱ። «ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ አራት ሰዓት ቀጠሮ አላት፣ እሱ ነው የሚወስዳት።»

እጇን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ።